መርፌውን ሳትቀይሩ ማሽኑን አትክሰሱ

ስፌት ለሚጀምሩ ሰዎች የተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊዋ የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ያላችሁን ገንዘብ ጥሩ ማሽን ላይ አውሉት፤ በጥቃቅኑ እቃ ላይ ግን ቆጥቡ። አንድ ወፍራም መርፌ ለሁሉም ጨርቅ ይበቃል፣ እስኪሰበርም ይሠራል። ከጥጥ ያልሆነ ክር በካውያ ይቀልጣልና የጥጥ ክር ብቻ ግዙ። ከጨርቁ በታች ክር ከተተበተበ የታች ክሩን አጥብቁት። የማሽን ዘይት ካጣችሁ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉበት። መቀስ ሲዶለዱም የብርጭቆ ወረቀት ብትቆርጡበት ይሳላል።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ጀማሪ ሰው የማያስፈልገውን እቃ እንዳይሸከም ማሰባቸውንም እወድላቸዋለሁ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ዋናው ምክር ግን ተገልብጧል። በቅሎ ገዝቶ ልጓም እንደመንሳት ነው። «ማሽኔ ተበላሸ» ብለው ከጠሩኝ ወዳጆቼ መካከል ማሽኑ በእውነት የተበላሸባቸው ጥቂት ናቸው። የቀሩትን የገላገልናቸው መርፌ በመቀየርና ክሩን አውጥተን እንደ አዲስ በማስገባት ነው። በእርሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም፤ ብዙ የሚያናግረውን አስቀድማለሁ።

«አንድ ወፍራም መርፌ ለሁሉም ይበቃል።»

የስፌት ማሽን ከመርፌ ተወለደ ብል ብዙ አላጋነንኩም። የእጅ መርፌ ዓይኑ ከጭራው ነው፤ የማሽን መርፌ ዓይኑ ከጫፉ አጠገብ ነው። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ማሽን ዓይኑ ጫፉ ዘንድ ያለ መርፌን ከሌላ ወገን ከሚመላለስ ሁለተኛ ክር ጋር ያጣመረ ነበር። (ስሙ በየቤቱ የቀረው የሲንጀር ነው፤ ሲንጀር ግን ከፍርድ ቤት ሙግት በኋላ ለሃው የመብት ክፍያ ለመክፈል ተገዷል።) ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። መርፌው ክሩን ይዞ፣ ጨርቁን ወግቶ ይወርዳል። ከታች ደርሶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲመለስ ክሩ ከጀርባው ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ የሚሽከረከረው መንጠቆ ያችን ቀለበት ይዞ በታች ክሩ ዙሪያ ያሳልፋታል። ከመርፌው ዓይን በላይ፣ በጀርባው በኩል፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ መንጠቆው መርፌውን ሳይገጭ ተጠግቶት እንዲያልፍ የተተወለት ነው። በፊቱ በኩል ደግሞ ክሩ የሚተኛበት ረጅም ቦይ አለ። እንግዲህ መርፌው ለዓይን በማይታይ መጠን ቢጎብጥ እንኳ መንጠቆው ቀለበቷን ሊስታት ይችላል። «ስፌት ዘለለብኝ» የምንለው ይህንን ነው። ለመርፌው የማይመጥን ክርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ወፍራም ክር ጠባብ ቦይ ውስጥ አይተኛም፣ ይታነቃል፣ ይላላጣል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል።

የመርፌ ማሸጊያ ላይ 90/14 የሚል ታያላችሁ። 90 ማለት ውፍረቱ 0.90 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ 14 ያንኑ ውፍረት በሌላ አቆጣጠር መጥራት ነው። አንዱን ብታውቁ ይበቃል። ለሐርና ለስስ ጨርቅ 60 ወይም 70፣ ለሸሚዝ 80፣ ጠንከር ላለ ጥጥ 90፣ ለጂንስ 100 ወይም 110 እይዛለሁ። ጸሐፊዋ እንደሚመክሩት በ100 ሐር ብትሰፉ በስፌቱ ላይ የቀዳዳ ሰልፍ ይቀራል፤ ሐር ደግሞ የተወጋበትን አይረሳም። በ70 የጂንስ እጥፋት ላይ ብትወጡ መርፌው ጎብጦ ከጨርቁ ሥር ያለውን የብረት ሳህን ይመታል፤ የተመታው ሳህን ላይ የሚቀረው ጭረት ከዚያ በኋላ የምታስገቡትን ክር ሁሉ ይቧጥጣል።

ከውፍረቱ ይልቅ የሚረሳው የጫፉ ቅርጽ ነው። ለቲሸርትና ለሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ መርፌ ጫፉ ድቡልቡል ነው፤ ፈትሉን ገፋ አድርጎ በመሃሉ ያልፋል። በጣም ሹል የሆነው ያንኑ ፈትል ይበጥሰዋል፤ ክፋቱ ደግሞ ቀዳዳው ወዲያው አይታይም፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ነው አፉን የሚከፍተው። የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ቢላ እየቆረጠ ይገባል። በጨርቅ ላይ አትሞክሩት። ቆዳ ላይም ስትሰፉ መተርተር እንደሌለ አውቃችሁ ስፉ፤ የተቆረጠ ቆዳ አይገጥምም።

እስኪሰበር ይሠራል ለሚለው አብረን እናስላ። በደቂቃ 600 ጊዜ ብትወጉ በአንድ ሰዓት 36,000 ጊዜ ወጋችሁ ማለት ነው። ያውም ጨርቅ ልስልስ ብቻ አይደለም፤ ቀለምና የፋብሪካ ማጠንከሪያ ተሸክሟል። ብዙ ሰፊዎች ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከተሰፋበት በኋላ መርፌውን ይቀይሩታል፤ እኔ ሰዓት አልቆጥርም፣ ትልቅ ሥራ በጀመርኩ ቁጥር አዲስ አስገባለሁ። ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ብትጎትቱት ቢቧጭር አልቆለታል። ጆሮም ያውቃል፦ የዶለዶመ መርፌ ጨርቁን ሲመታ «ጠብ ጠብ» የሚል ድምፅ ያወጣል።

አንድ ነገር ጨምሬ ከመርፌ ልውጣ። የቤት ማሽን መርፌ አናቱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ብዙውን ጊዜ 130/705 ኤች የሚል ይጻፋል። የፋብሪካ ማሽን መርፌ አናቱ በአብዛኛው ሙሉ ክብ ነው። ሁለቱን የሚያለዋውጥ ሰው አጋጥሞኛል፤ ገብቶለትም ነበር፣ ችግሩ ስፌት አለመውጣቱ ነበር።

«ከታች ከተተበተበ የታች ክሩን አጥብቁ።»

እዚህ ላይ እልህ ቢይዘኝ ይቅር በሉኝ፤ ይህንን ምክር ሰምቼ የከፈልኩትን አውቃለሁና። በጀመርኩበት ዓመት የቀሚስ ገበር ስሰፋ ከጨርቁ ሥር የክር ጎጆ ይሠራብኝ ጀመር። ትብትቡ ከታች ስለሆነ ጥፋቱም ከታች ነው ብዬ ሁለት ምሽት ሙሉ ቦቢኑ (የታች ክሩ የሚጠነጠንበት) የሚገባበትን ቤት ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ አመሸሁ። በመጨረሻ ከጉንዳን የማትበልጠው ብሎን ወጥታ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የተባለው ለእኔ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማሽን ስፌት ሁለቱ ክሮች የሚቆላለፉት በጨርቁ ውፍረት መሃል ነው። የላይ ክሩ ልል ከሆነ መንጠቆው ከሚገባው በላይ ይጎትተዋል፤ ትርፉ የሚጠራቀመው ከታች ነው። ስለዚህ ከታች የምታዩት ትብትብ አብዛኛውን ጊዜ የላይ ክር ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ከላይ ቀይ ከታች ነጭ ክር አድርጋችሁ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ። ከሥር የተከመረው ቀይ ከሆነ የታችኛውን ብሎን አትንኩ።

የላይ ክሩ ለምን ላላ? በብዛት የማየው ምክንያት ክሩ የገባው ጨርቅ የሚጫነው የማሽኑ እግር ዝቅ ብሎ ሳለ መሆኑ ነው። የላይ ክር ማጥበቂያው ሁለት ጥቃቅን ሳህኖች ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች እግሩን ስታነሡ ሳህኖቹ ይከፈታሉ፣ ስታወርዱት ይጨመቃሉ። እግሩ ወርዶ ክር ካስገባችሁ ክሩ በተዘጉት ሳህኖች አፍ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ የማጥበቂያውን ቁጥር ወደ 9 ብታዞሩት እንኳ የሚይዘው የለም። እግሩን አንሡ፣ ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ እንደገና አስገቡ፣ እግሩን አውርዱና ክሩን በእጃችሁ ሳብ አድርጉት፤ ከበድ ማለት አለበት። ያኔ እኔን ያዳነኝ ይህ ነበር። ብሎኗ ግን አልተገኘችም።

የታችኛው ብሎን የሚነካበት ጊዜ የለም አልልም። ወፍራም የጌጥ ክር ቦቢን ላይ ስታጠነጥኑ ማላላት ያስፈልጋል። ተነቅሎ የሚወጣ የብረት ቦቢን ቤት ካላችሁ በክሩ ጫፍ አንጠልጥላችሁ ያዙት፤ በራሱ ክብደት እየተዘረገፈ ከወረደ ልል ነው፣ እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉ ትንሽ ወርዶ ከቆመ ልክ ነው። ከማዞራችሁ በፊት ብሎኗ የነበረችበትን አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፤ ከሩብ ዙር በታች ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ብሎኗ ብትወድቅ እንዳትጠፋችሁ የምግብ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ሥሩ።

«የጥጥ ክር ብቻ ግዙ፣ ሌላው ይቀልጣል።»

ካውያ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እንቁጠር። አንድ ነጠብጣብ እስከ 110 ዲግሪ፣ ሁለት እስከ 150፣ ሦስት እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማለት ነው። ፖሊስተር የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። የጥጥ ሸሚዝ በፖሊስተር ክር ሰፍታችሁ በሦስት ነጠብጣብ ብትተኩሱት ክሩ ቀልጦ አይፈስም። ካውያውን አንድ ቦታ ላይ ረስታችሁት ከሄዳችሁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ስለ ክሩ የምታስቡ አይመስለኝም። ሙቀት የሚፈራው እንደ መስታወት የሚያሳየው የናይለን ክር ነው፤ በእሱ ላይ ጸሐፊዋ ቢያስጠነቅቁ እስማማ ነበር።

የጥጥ ክርን አልጠላም። ያልተነከረ ጥጥ ጨርቅ ሰፍታችሁ በኋላ ቀለም ልትነክሩት ካሰባችሁ የጥጥ ክር ይሻላል፤ ለጥጥ የሚሆን ቀለም ፖሊስተር አይዘውምና ስፌታችሁ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። ለሚለጠጥ ጨርቅ ግን የጥጥ ክር አይሆንም፤ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ አብሮ አይሳብም፣ ጧ ብሎ ይሄዳል።

ጸሐፊዋ ከምን ይሠራ ብለው ሲጨነቁ ያላነሡት ጉዳይ እንዴት ተፈተለ የሚለው ነው። ክሩን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። እንደ አባጨጓሬ ፀጉራም ከሆነ፣ እዚህም እዚያም እብጠት ካለው፣ ያ ፀጉር ተላጦ መንጠቆው ሥር ይከማቻል፤ ያ እብጠት መርፌው ዓይን ላይ ደርሶ ይበጠሳል። ውፍረቱን የሚነግራችሁ ቴክስ የሚባለው መለኪያ ነው፤ የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም። ለተራ ልብስ ስፌት የሚውለው ከ24 እስከ 30 ቴክስ አካባቢ ነው። ማሸጊያው ምንም ካልነገራችሁ አንድ ክንድ ያህል በጥሳችሁ ጫፉን በእሳት ለኩሱት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ተኮማትሮ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። ከአያት የተወረሰ የእንጨት ጥቅል ክር ካላችሁ ለመደርደሪያ ያምራል፤ ከመስፋታችሁ በፊት ግን በሁለት እጅ ቀጭ አድርጉት። ብርሃንና ዘመን ክርን ይበላሉ።

«የምግብ ዘይት ይበቃል።»

አይበቃም፤ እንዲያውም ደረቅ ማሽን ይሻላል ለማለት ይቃጣኛል። የአትክልት ዘይት አየር ሲያገኘው ኦክስጅን እየወሰደ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ሙጫ ይሆናል። መጥበሻ ጀርባ ላይ የሚቀረውን ቡናማ ሽፋን አስቡት። የተልባ ዘይት ለሠዓሊ ቀለም የሚሆነው በዚሁ ባሕርዩ ነው፤ ይደርቃል። የማሽን ዘይት ከነዳጅ የሚጣራ፣ ውሃ የመሰለ ዘይት ነው፤ እንዲህ አይረጋም። አንድ ጊዜ መዘውሩ አልዞር ያለ የብረት ማሽን አምጥተውልኝ ነበር። ባለቤቱ በየወሩ በትጋት ዘይት ያጠጣዋል፤ የምግብ ዘይት! በየመገጣጠሚያው ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረግሁ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ በሦስተኛው እያቃሰተ ዞረ። ከዚያ ጠርጎ እውነተኛውን ዘይት ማጠጣት ብቻ ነበር የቀረው። እንዲህ የምታደርጉ ከእሳት ራቁ፣ መስኮት ክፈቱ። በአሮጌ ጥቁር ማሽን ላይ ደግሞ አልኮል አታድርሱ፤ የወርቅ ጌጡን የሸፈነው ቫርኒሽ በአልኮል ይሟሟል። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይም የተጣበቀን ያላቅቃል እንጂ ዘይትን ተክቶ አይቆይም።

ዘይት ከማጠጣት በፊት ጽዳት ይቅደም። ከመርፌው ሥር ያለውን የብረት ሳህን ፈትታችሁ ጨርቁን ከሚገፉት ጥርሶች ሥር ያለውን ብናኝ በብሩሽ ጥረጉ፤ አንዳንዴ ተጨምቆ ጨርቅ መስሎ ታገኙታላችሁ። በአፍ አትንፉ፣ ብናኙን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ፣ የትንፋሽ እርጥበትም ለብረት አይበጅም። ከዚያ መንጠቆው የሚሽከረከርበት ላይ አንድ ጠብታ፤ ሁለት ካደረጋችሁ ትርፉ የሚቀጥለው ሸሚዛችሁ ላይ ነው። ከአዲሶቹ ማሽኖች አንዳንዶቹ ጭራሽ ዘይት አታድርጉ የሚል መመሪያ አላቸው፤ የእናንተው ምን እንደሚል መጽሐፉን እዩ።

«መቀስ የብርጭቆ ወረቀት ቢቆርጥ ይሳላል።»

መቀስ እንደ ቢላ አይቆርጥም። ሁለቱን ስለቶች ጨፍናችሁ ከጎን ወደ ብርሃን ብትይዙ በመሃላቸው ቀጭን ክፍተት ታያላችሁ። ስለቶቹ በጥቂቱ የጎበጡ ናቸው፤ ስትዘጉት የሚነካኩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፣ ያ ነጥብ ከሥር ወደ ጫፍ ይጓዛል። ጨርቁ የሚቆረጠው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ጥሩ መቀስን የሚገድለው አንድም የስለቱ መበላት፣ አንድም የመሃል ብሎኑ መላላት፣ አንድም ወድቆ ጫፉ መሰነጣጠቁ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ስትቆርጡ አሸዋው የስለቱን ጠርዝ ይቧጭራል፤ ለጥቂት ጊዜ ጨርቁን ነከስ የሚያደርግ ይመስላችኋል፣ የተሳለ አንግል ግን አልተፈጠረም። መቀስ ሲሳል የሚሞረደው ተዳፋቱ ወገን ብቻ ነው፤ እርስ በርስ የሚተሻሸው የውስጥ ገጽ እንዳለ ይቀመጣል። የብርጭቆ ወረቀት ይህን አይለይም። በብርጭቆ ወረቀቱ ፈንታ የአሉሚኒየም ፎይል ብንቆርጥስ? ስለቱ ጠርዝ ላይ የታጠፈች ትንሽ የብረት ቅሪት ካለች ሊያስተካክላት ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።

ከመሳላችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። ስለቱን ጥረጉ፤ የማጣበቂያና የጨርቅ ማጠንከሪያ ቅሪት እንደ ዶለዶመ ያስመስለዋል። ብሎኑን በጥቂቱ አጥብቁ፤ ጨርቁን ሳይቆርጥ በመሃል አጥፎ የሚያኝከው ብዙ ጊዜ ልል ብሎን ነው።

ጸሐፊዋ ወረቀትንም ጨርቅንም በአንድ መቀስ መቁረጥ ጉዳት የለውም ይላሉ። አንድ ቀን ወረቀት በመቁረጥ የሞተ መቀስ የለም፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ወረቀት ውስጥ እንደ ካልሲየም ካርቦኔትና ካኦሊን ያለ የማዕድን ዱቄት አለ፤ በየቀኑ ከሆነ ይበላዋል። እኔ ለወረቀት አሮጌውን እይዛለሁ፣ ለጨርቅ እጀታው ወደ ላይ የታጠፈውን። የእጀታው መታጠፍ ለውበት አይደለም፤ የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እንዲሄድና ጨርቁ እንዳይነሣ ነው።

ስለ እስፒልና ስለ ምልክት ማድረጊያ የጻፉት ብዙ አያጣላንም። አንድ ብቻ፦ በሙቀት የሚጠፋው ብዕር ካውያ ሲነካው መጥፋቱ እውነት ነው፤ ብርቱ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ግን ሊመለስ ይችላል። ሲለበስ በሚታየው የጨርቁ ገጽ ላይ በጠመኔ ወይም በሳሳ ሳሙና አስምሩ። እስፒል ላይም አትስፉ፤ ማሽኑ ሲደርስበት ንቀሉት።

አሁን ወደተስማማንበት ልመለስ። ለጀማሪ የተጠናቀቀ ተብሎ በሳጥን የሚሸጠው የስፌት እቃ ስብስብ ውስጥ ያለው አብዛኛው እቃ አንድም ቀን አይነካም፤ እውነታቸውን ነው። የማሽን የጥልፍ ዓይነት ቁጥር ማባበያ ነው ያሉትም ልክ ነው፤ ቀጥታ፣ ዚግዛግና የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ማሽን ብዙ ዓመት ያሠራል። እኔ የምለየው ከዚህ የተረፈውን ገንዘብ የት እናውለው በሚለው ላይ ነው፤ እርሳቸው ወደ ማሽኑ ይመልሱታል፣ እኔ አምስት ዓይነት መርፌ፣ ሦስት ጥሩ ክርና አንድ የሚሳል መቀስ እገዛበታለሁ።

በመጨረሻ፣ በጽሑፋቸው ግርጌ ያለፉት አንድ ቃል አለ፦ የተሰበረ መርፌ ወደ ቆሻሻ ጣሉት። የልብስ ፋብሪካዎች መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ እስኪገጣጠም ድረስ አዲስ የማይሰጡበት ሥርዓት አላቸው፤ የጎደለችው ቁራጭ የሕፃን ልብስ ውስጥ ልትገኝ ትችላለችና። ቤት ውስጥም ስብርባሪውን ሰብስቡ፣ ጫፉ ከጠፋ ጨርቁን በማግኔት ዳስሱት፣ ከዚያ ክዳኑ የሚጠብቅ ብልቃጥ ውስጥ ክተቱት። የእኔ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ከግማሽ በላይ ሞልቷል፣ ከመርፌዎቹ መካከል የተሰበሩት ጥቂት ናቸው።